የፓተንት ትርጉም፤ የሰዋስው ጥብቅነትና የቋንቋ ልማድ

ከወገል ጤና

ፓተንት ማለት አንድ ሰው አዲስ ነገር ፈልስፎ በተገኘ ጊዜ፤ ሌላ ሰው ያለ ፈቃዱ ያን ነገር እንዳይሠራው፣ እንዳይሸጠውና ወደ አገር እንዳያስገባው መንግሥት ለተወሰነ ዘመን የሚሰጠው የመብት ጽሑፍ ነው። ይህ መብት እንደ ቤትና እንደ መሬት በዓይን አይታይም። የመሬት ወሰን ድንጋይ ተተክሎበት ይታወቃል፤ የፓተንት ወሰን ግን የሚታወቀው በወረቀት ላይ በሰፈሩ ቃላት ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ጽሑፍ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው በተተረጐመ ጊዜ የወሰኑ ድንጋይ ተነቅሎ እንደገና የተተከለ ያህል ይቆጠራል። ድንጋዩ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ቢገባ ባለመብቱ ይጐዳል፤ አንድ ክንድ ወደ ውጭ ቢወጣ ጐረቤቱ ይጐዳል።

ይህ ጉዳይ የጠበቆችና የመሐንዲሶች ብቻ መስሎ የሚታያቸው ነጋዴዎች አይታጡም። ነገር ግን የወፍጮ መሣሪያ ከውጭ አገር የሚያስመጣ፣ በውጭ ኩባንያ ፈቃድ ዕቃ የሚያመርት፣ እህል ወይም ቅመም ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ሁሉ ፓተንት የተጠቀሰበት ውል አንድ ቀን ከጠረጴዛው ላይ ሳይደርስ አይቀርም። በእኛ በደላንታም ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የኦፓል ድንጋይ ከገደሉ እየወጣ ለገበያ በመቅረቡ፤ ድንጋዩን የሚቆርጥና የሚያለሰልስ መሣሪያ የሚያሻሽል ብልህ ሰው ቢነሣ ሥራውን በጽሑፍ አስፍሮ መብቱን ለማስከበር ይችላል። ያን ጊዜ የሚጠብቀው ብልኃቱ ብቻ ሳይሆን የአጻጻፉም ሰዋስው ነው።

ስለ ፓተንት ትርጉም ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን፤ ጽሑፉ የሕግ ጽሑፍ ስለሆነ ቃል በቃል፣ የባዕዱን ቋንቋ የቃል ተራ ሳይለቅ ይተርጐም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፤ አማርኛ የራሱ ወግ ስላለው ሐሳቡ ከተያዘ ቃሉ እንደ ልማዳችን ይሁን ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ እንዲህ ነው፤ የመብቱን ስፋት የሚወስነው የሰዋስው ክፍል ፈጽሞ መነካት የለበትም፤ የመብቱን ስፋት የማይነካው ግን ሁሉ በአማርኛ ልማድ መሄድ አለበት። የተርጓሚው ብልኃትም የትኛው ከየትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነው።

፩/ ሕጉ

በአገራችን የፈጠራ መብት የሚተዳደረው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ተብሎ በቁጥር 123/1987 በወጣው ሕግ ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ፓተንት የሚሰጠው ፈጠራው አዲስ ሲሆን፣ የፈጠራ ብቃት ሲኖረውና በኢንዱስትሪ ሥራ ላይ ሊውል ሲችል ነው። የፓተንት ዘመን ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ሆኖ፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሚገባ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ ለ5 ዓመት ይራዘማል። የአነስተኛ ፈጠራ የምስክር ወረቀት 5 ዓመት ይጸናል፤ ለሌላ 5 ዓመትም ሊታደስ ይችላል። የዕፅዋትና የእንስሳት ዝርያዎች፣ እንዲሁም በመሠረቱ ሥነ ሕይወታዊ የሆኑ ዕፅዋትንና እንስሳትን የማስገኛ ዘዴዎች ፓተንት አይሰጥባቸውም። «በመሠረቱ» የምትለውን ትንሽ ቃል አንባቢ ልብ ይበል። እርስዋ ብትወጣ የተከለከለው ነገር ስፋት ወዲያው ይለወጣል።

የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ደግሞ ሕጎች በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲወጡ ደንግጎ፤ ሁለቱ ያልተስማሙ እንደሆነ የአማርኛው ቃል የመጨረሻ ሕጋዊ ሥልጣን እንዲኖረው አድርጓል። ስለዚህ በኢትዮጵያ አማርኛው የእንግሊዝኛው ጥላ አይደለም፤ ዳኛው የሚይዘው እርሱን ነው።

በኤውሮፓ ያለውም ሥርዓት ለዚህ ትምህርት ይሆናል። የኤውሮፓ የፓተንት ስምምነት በ70ኛው አንቀጽ፤ ትክክለኛው ጽሑፍ ጉዳዩ የታየበት ቋንቋ ጽሑፍ ነው ይላል። ይኸውም እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ ወይም ጀርመንኛ ነው። ሆኖም ትርጉሙ ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ ጠባብ መብት የሚሰጥ ሆኖ ከተገኘ፤ አባል የሆነ አገር በግዛቱ ውስጥ ትርጉሙን እንደ ትክክለኛ እንዲቈጥር ስምምነቱ ይፈቅድለታል። ባለመብቱ የታረመ ትርጉም ሊያቀርብ ይችላል፤ ነገር ግን ከእርማቱ በፊት በቅን ልቡና ሥራ የጀመረ ሰው ያለ ክፍያ እንዲቀጥል አገሩ በሕግ ሊፈቅድለት ይችላል። እንግዲህ አንዲት ቃል በትርጉም ብትጠብ የባለመብቱ ኪሳራ እንዲህ ያለ ነው።

፪/ ከጐረቤታችን የተገኘ ምሳሌ

በሰዋስው ምክንያት የመብት ወሰን ሲናወጥ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደላንታ በስተምሥራቅ ባለው በአምባሰል ምድር፤ በውጫሌ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በኢጣሊያ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል የታወቀ ነው። ይህ ውል የፓተንት ጽሑፍ አይደለም፤ ግን በሁለት ቋንቋ የተጻፈ የመብት ጽሑፍ በመሆኑ ትምህርቱ አንድ ነው። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» የሚል ነበር። የኢጣሊያንኛው ግን «ኮንሴንቴ» የሚል ግስ ይዞ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣሊያ በኩል መገናኘትን ተስማምተው እንደተቀበሉ አድርጎ ያስነብብ ነበር። የኢጣሊያ መንግሥትም ይህን እንደ ግዴታ ቈጥሮ ኢትዮጵያ በእርሱ ጥበቃ ሥር ያለች መሆኑን በ1882 ዓ.ም. ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። አፄ ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በጦርነት ተወሰነ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለተርጓሚ የሚሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፤ ጠቡን ያመጣው ከባድ የሙያ ቃል ሳይሆን ግስ ነው። በፈቃድና በግዴታ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ግስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሁለተኛ፤ የውሉ 19ኛ አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የሚስማሙና እኩል የሚታመኑ ናቸው ብሎ ነበር። ሁለት ጽሑፎች ይስማማሉ ብሎ መጻፍ እንዲስማሙ አያደርጋቸውም።

፫/ የጤፍ ፓተንት

አሁን ወደ ፓተንቱ እንመለስ። ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የተባለ የሆላንድ ኩባንያ በ1997 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር በጤፍ ዘር ስለ መጠቀምና ጥቅሙን ስለ መካፈል ተዋውሎ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የኤውሮፓ ፓተንት ተሰጠ። ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. ከሠረ፤ ፓተንቱ ግን በሌሎች እጅ ሆኖ ቀጠለ። በመጨረሻም በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ የፈጠራ ብቃት የሌለው በመሆኑ በሆላንድ አገር ዋጋ የለውም ብሎ ፈረደ።

የዚህ ፓተንት ወሰን ምን ላይ እንደቆመ መመልከት ይጠቅማል። መብቱ የተጠየቀው በጤፍ ላይ እንዲሁ በጠቅላላው ሳይሆን፤ በሚፈጭበት ጊዜ በእንግሊዝኛ «ፎሊንግ ነምበር» የሚባለው ልኩ ቢያንስ 250 በሆነ እህል ዱቄት ላይ ነበር። ይህ ልክ የሚገኘው እንዲህ ነው፤ ዱቄትና ውኃ በመስተዋት ቱቦ ተደባልቆ በፈላ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም አንድ ዘንግ በድብልቁ ውስጥ እስከ ታች እስኪወርድ የሚፈጀው ጊዜ በሴኮንድ ይቈጠራል። የበቀለ ወይም ርጥበት ያገኘው እህል ቁጥሩ ያንሳል፤ ከታጨደ በኋላ በደንብ ቆይቶ የደረቀ እህል ቁጥሩ ይበልጣል። እህሉን በጐተራ ለሚያቆይ ገበሬ ይህ ነገር በስሙ እንጂ በግብሩ እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ ያ ሁሉ ክርክር የተነሣበት መብት በ«ቢያንስ»፣ በ«በሚፈጭበት ጊዜ»ና በአንድ ቁጥር የታጠረ ነበር። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ ብንመልስ ሊጠበቅ የሚገባውና ሊለዋወጥ የሚችለው የሚከተለው ነው።

፬/ ፈጽሞ የማይነኩ

አንደኛ፤ የልክ ቃላት። «ቢያንስ 250» ማለት «ከ250 ያላነሰ» ነው፤ «ከ250 በላይ» ተብሎ ቢተረጐም ግን ራሱ 250 ከውስጥ ይወጣል። እንዲሁም «ያልበለጠ» ሌላ ነው፤ «በታች» ሌላ ነው። በአነጋገራችን ለትሕትና ወይም ለጥንቃቄ «ያህል» እና «ገደማ» የምንጨምርበት ልማድ በፓተንት ጽሑፍ ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛ፤ የፈቃድና የግዴታ ግስ። አማርኛ በሕግ ጽሑፍ ላይ «ይከፍላል» ብሎ ግዴታን ይገልጻል፤ «ሊከፍል ይችላል» ብሎም ፈቃድን ይገልጻል። ችግሩ «ይችላል» ሁለት ትርጉም ያለው መሆኑ ነው። «ቱቦው ከመዳብ ሊሠራ ይችላል» ስንል ምርጫ መሆኑ ነው፤ «መቆንጠጫው ሊዞር ይችላል» ስንል ግን ምርጫ ነው ወይስ የመሣሪያው የግድ ጠባይ ነው? ጠባዩ ከሆነ «የመዞር ችሎታ ያለው» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ ምርጫ ከሆነም «ግዴታ ሳይሆን» የሚል ቃል ይታከልበት። እንግሊዝኛው «ቢሆን ይመረጣል» የሚል ቃል በሚያስገባበትም ስፍራ፤ ተርጓሚው «መሆን አለበት» ቢል መብቱን ያጠባል።

ሦስተኛ፤ «የያዘ»ና «ብቻ»። አንድ ነገር ሦስት ክፍሎች የያዘ ነው ሲባል አራተኛ ቢጨመርበትም ከመብቱ አይወጣም። ከሦስቱ ብቻ የተሠራ ነው ሲባል ግን አራተኛ ክፍል የጨመረ ሰው ከወሰኑ ውጭ ነው። ይህን ልዩነት የውጭ ቋንቋዎቹ በሁለት የተለያዩ ግሶች ይለዩታል፤ አማርኛም «ብቻ» በምትለው ቃል በግልጽ መለየት ይችላል።

አራተኛ፤ «አንድ»። እንግሊዝኛው በስም ሁሉ ፊት የሚያስቀምጣትን ትንሽ ቃል ተርጓሚው በልማድ «አንድ» ይላታል። በአማርኛ ግን «አንድ ቱቦ» ማለት ሁለት ያልሆነ ማለት ነው። ቁጥሩ ካልተፈለገ «ቱቦ» ማለት ይበቃል፤ ሁለትም ሆነ ሦስት መሆን የሚፈቀድ ከሆነ «አንድ ወይም ከአንድ የበለጠ ቱቦ» ይባላል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሣም ያው ቱቦ መሆኑ እንዲታወቅ «ቱቦው» ወይም «ይኸው ቱቦ» መባል አለበት።

አምስተኛ፤ የጊዜ ምልክት። «የተፈጨ እህል» እና «የሚፈጭ እህል» የተለያዩ ናቸው፤ ልኩ መቼ እንደተወሰደ የምናውቀው በዚህች ፊደል ነው።

ስድስተኛ፤ ለአንድ ነገር አንድ ስም። ጐረቤታችን ዋድላ የቅኔ አገር ናት። እዚያ አንድ ቃል ሰምና ወርቅ ቢይዝ ምስጋና ነው፤ አንድን ነገርም በልዩ ልዩ ስም እየለዋወጡ መጥራት የቋንቋ ሀብት ነው። በፓተንት ጽሑፍ ግን ይህ ሁሉ ጉድለት ይሆናል። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «መቆንጠጫ» ያልነውን በሁለተኛው «መያዣ» ብንለው፤ ተከራካሪው ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው ብሎ ይነሣል። ቃሉ መቶ ጊዜ ቢደጋገምም ሳያፍሩ መድገም ያስፈልጋል።

፭/ ልማድ የሚፈቅዳቸው

ከዚህ ውጭ ባለው ግን ተርጓሚው አማርኛን ማስጨነቅ አይገባውም። ከሁሉ በፊት የቃል ተራ ነው። የፓተንት መብት የሚጠየቅበት አንቀጽ በውጭ አገር ልማድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። በእንግሊዝኛ ስሙ ፊት ይቀድምና ዝርዝሩ ይከተለዋል፤ በአማርኛ ግን ገላጩ ቀድሞ ስሙ በመጨረሻ ይመጣል። ስለዚህ ረጅሙን አንቀጽ እንዳለ ብንገለብጠው የሚከተለውን የመሰለ ይሆናል፤

«ውኃ የሚረጭ ቱቦ ያለው በእጅ የሚዞር ድንጋይ የሚይዝ መቆንጠጫ የተገጠመለት መሣሪያ።»

በእጅ የሚዞረው ድንጋዩ ነው፣ መቆንጠጫው ነው፣ ወይስ መሣሪያው? ቱቦውስ ያለው መቆንጠጫው ነው ወይስ መሣሪያው? ሰዋስው ሳይጣስ ትርጉሙ ጠፍቷል። የአገራችን የሕግ አጻጻፍ ግን ለዚህ መድኃኒት አለው፤ ይኸውም ስሙን በ«ሆኖ» አስቀድሞ ክፍሎቹን በፊደል መዘርዘር ነው፤

«የኦፓል ድንጋይ መቁረጫ መሣሪያ ሆኖ፤ ሀ/ ድንጋዩን የሚይዝ መቆንጠጫ፤ ለ/ ይኸው መቆንጠጫ በእጅ የሚዞርበት እጀታ፤ ሐ/ በመቁረጫው ምላጭ ላይ ውኃ የሚረጭ ቱቦ፤ ያለው።»

የቃሉ ተራ ፈጽሞ ተለውጧል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ከመብቱም ስፋት ቅንጣት አልጐደለም። ልማድን በቦታው መጠቀም ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው የሙያ ቃላት ጉዳይ ነው። ከላይ የተነገረው «ፎሊንግ ነምበር» ቃል በቃል «ወዳቂ ቁጥር» ይሆናል። ቃሉ በሰዋስው ቀጥ ያለ ሲሆን በሐሳብ ግን የተሳሳተ ነው፤ የሚወርደው ዘንጉ እንጂ ቁጥሩ አይደለምና። «የዘንግ መውረጃ ጊዜ፤ በሴኮንድ» ብንለው ግን አንባቢው ነገሩን ያየዋል። እንዲህ ያለው ቃል መጀመሪያ በወጣበት ስፍራ የውጭው ስም በፊደላችን አብሮት ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ በአማርኛው ብቻ ይቀጥል። ሴኮንድ፣ ማይክሮን፣ ሞተር የመሳሰሉት ግን ሕዝቡ ስለለመዳቸው እንዳሉ ቢቀሩ ይሻላል።

አዲስ ቃል ስናወጣ ግን ለነገሩ ቅርብ የመሰለው ቃል አሳሳች ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ በተመለሰ ጊዜ፤ የነጋዴውን የንግድ ሥራ በሙሉ እንደ አንድ ንብረት የሚያመለክተው የፈረንሳይኛ ቃል «የንግድ መደብር» ተባለ። የሕጉ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ቢተካም ቃሉ በሰፊው ታውቋል። በሕጉ አነጋገር መደብር ማለት ግዙፍነት የሌለው ንብረት ነው፤ ዋናው ነገሩም መልካም ዝናው ሲሆን የንግድ ስምና የፈጠራ መብትም ከውስጡ ሊገኝ ይችላል። በገበያ አነጋገር ግን መደብር ማለት ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ነው። በዚህም ምክንያት መደብሬን ሸጥሁ የሚል ነጋዴ ቤቱን ነው ወይስ ሥራውን ነው የሸጠው የሚል ጥያቄ ይነሣል። ቃሉ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ትርጓሜው አብሮ ካልተጻፈ አንባቢው የሚይዘው የገበያውን ነው።

፮/ ለነጋዴው የሚጠቅም ምክር

በነጋዴ ቤት በጽሕፈት ሥራ የተሰማራን ሰዎች ሁሉ የፓተንት ሊቃውንት ልንሆን አንችልም። ቢሆንም የተተረጐመ ጽሑፍ ለፊርማ ሲቀርብ የሚከተሉትን መመርመር ከማንኛውም ጸሐፊ የሚጠበቅ ነው።

ሀ/ ቁጥሮችንና ከቁጥሮቹ ጋር የተያያዙትን የልክ ቃላት በቀይ እርሳስ አስምሮ ከዋናው ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር።

ለ/ «ይችላል»፣ «አለበት»፣ «ብቻ»፣ «ወይም»፣ «እና» የሚሉትን ቃላት በሙሉ ለይቶ አውጥቶ በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ምን እንደሆኑ መጠየቅ።

ሐ/ የዕቃዎቹን ስሞች በአንድ ወረቀት ላይ በተራ መዝግቦ፤ አንዱ ዕቃ ሁለት ስም እንዳይኖረው፤ ሁለት ዕቃም በአንድ ስም እንዳይጠራ መጠበቅ።

መ/ አማርኛውን ዋናውን ላላየ ሌላ ሰው ሰጥቶ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ እንዲመልሰው ማድረግ። ሁለቱ የማይገጥሙበት ስፍራ ወሰኑ የተናወጠበት ስፍራ ነው።

ሠ/ ሁለቱ ጽሑፎች እኩል የሚታመኑ ናቸው የሚል አንቀጽ ከመፈረም በፊት፤ ሳይስማሙ ቢቀሩ የትኛው እንደሚጸና በውሉ ውስጥ በግልጽ ማስገባት።

ለዚህ ሥራ የሚወጣው ገንዘብና ጊዜ፤ በኋላ በፍርድ ቤት ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። የጤፍ ፓተንት በሆላንድ የፈረሰው ከተሰጠ ከ11 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ነው፤ በውጫሌ ግስ ምክንያት የፈሰሰው ደም ደግሞ በገንዘብ የሚተመን አይደለም። ተርጓሚ በቃል ተራና በአነጋገር ለጋስ ይሁን፤ በልክ፣ በግስና በስም ግን ንፉግ ይሁን። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ጸሐፊ ያለው ነጋዴ ስለ ንብረቱ ተዝናንቶ ሊያድር ይችላል።